መንግሥተ ሰማያት፦ በሐዋሳ በተደጋጋሚ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» የሚለውን ምርቃት ሳይሰማ አይነሣም፤ ስብከት ሲያበቃም ምእመኑ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ካለ በኋላ ይህንኑ ያስከትላል። ልመናው የተቀደሰ ነው። ነገር ግን የመንግሥቲቱ ስም ከሞት ጋር ብቻ ተያይዞ እየተነሣ በመሄዱ፣ ትርጉሙን የሚያጠብቡ አመለካከቶች በመካከላችን ሥር ሰደዋል።

«መንግሥተ ሰማያት ከሞት በኋላ የሚገባበት ስፍራ ብቻ ናት»

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ስብከቱን የጀመረው «መንግሥተ ሰማያት ቀርባለችና ንስሐ ግቡ» በማለት ነው (ማቴ. 4፥17)። አጋንንትን ባወጣ ጊዜም የእግዚአብሔር መንግሥት ወደ ሰዎቹ እንደ ደረሰች በግልጽ ተናግሯል (ማቴ. 12፥28)። እንግዲህ መንግሥተ ሰማያት ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ንጉሥነትና ፈቃዱ የሚፈጸምበት ሕይወት ናት፤ በክርስቶስ መምጣት ተጀምራለች፣ በዳግም ምጽአቱም ፍጹም ሆና ትገለጣለች። የዘላለም ሕይወት ተስፋችን ከዚህ አይነጠልም። በየዕለቱ የምንደግመው የጌታ ጸሎትም «መንግሥትህ ትምጣ፤ ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁም በምድር ትሁን» ስለሚል፣ ልመናው ለዚህችው ለምንኖርባት ምድር ጭምር ነው። በጌታ ፊት ከቆሙት አንዳንዶቹ የሰውን ልጅ በመንግሥቱ ሲመጣ ሳያዩ እንደማይሞቱ የተነገረውን (ማቴ. 16፥28) ብዙ አባቶች ወዲያው በተከተለው በደብረ ታቦር የክብሩ መገለጥ ይተረጉሙታል። የከተማችን ተራራ የዚያን ተራራ ስም ይዞ ታቦር መባሉ፣ ቢያንስ በደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ይህን ሊያሳስበን ይገባል።

«መንግሥቲቱ የእኛ ቤተ እምነት ናት፤ ሌላው ውጭ ነው»

ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና ወንጌላዊው በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት በሚኖሩባት ከተማ ይህ አባባል ወንድምን ከወንድም ያለያያል። ጌታ መንግሥተ ሰማያትን ከሁሉም ዓይነት በሰበሰበች መረብ መስሏታል (ማቴ. 13፥47-50)። ማለዳ በሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል፦ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ካስጠጉ በኋላ ቁጭ ብለው ዓሣውን ከመረቡ አንድ በአንድ እየፈለቀቁ ያወጣሉ፤ ቆሮሶውን ለብቻ፣ አምባዛውን ለብቻ ያደርጋሉ፤ የሚጣለውን አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው ይጠብቃሉ። መረቡ ውኃ ውስጥ ሳለ ማንም አይለይም። በምሳሌውም መለየቱ የሚሆነው መረቧ ሞልታ ወደ ወደብ ከወጣች በኋላ ነው፤ የሚለዩትም በዓለም ፍጻሜ የሚመጡት መላእክት እንጂ በመረቡ ውስጥ ያሉት ዓሦች አይደሉም። የእንክርዳዱ ምሳሌም ይህንኑ ያጸናል፤ ባለቤቱ አገልጋዮቹን ከመከር በፊት እንዳይነቅሉ የከለከላቸው ስንዴውን አብረው እንዳይነቅሉት ነው። ይህ ግን ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው፣ ትምህርትም ልዩነት የለውም ማለት አይደለም፤ ፍርዱ የማን እንደ ሆነ መናገር ነው።

«ሀብትና ጤና የመንግሥቱ ልጆች መታወቂያ ነው»

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በድህነት ወይም በሕመም ላይ ላለ ምእመን እምነቱ እንደ ጎደለ ተጨማሪ ሸክም ይጭንበታል። ጌታ መንግሥቲቱ የእነርሱ እንደ ሆነች የተናገረላቸው በመንፈስ ድሆች የሆኑትንና ስለ ጽድቅ የሚሰደዱትን ነው (ማቴ. 5፥3፣ 10)። ሐዋርያው ጳውሎስም የእግዚአብሔር መንግሥት «ጽድቅና ሰላም በመንፈስ ቅዱስም የሆነ ደስታ ናት እንጂ መብልና መጠጥ አይደለችም» ብሏል (ሮሜ 14፥17)።

«የምትመጣበት ጊዜ በምልክት ተሰልቶ ይታወቃል»

ያችን ቀንና ሰዓት ከአብ በቀር የሚያውቃት እንደሌለ ተጽፏል (ማቴ. 24፥36)። ደቀ መዛሙርቱ ከዕርገቱ በፊት ለእስራኤል መንግሥትን በዚህ ወራት ትመልሳለህን ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ ጌታ ዘመኑን ማወቅ ለእነርሱ እንዳልተሰጠ ነግሮ፣ መንፈስ ቅዱስን ተቀብለው ከኢየሩሳሌም እስከ ምድር ዳር ምስክሮቹ እንደሚሆኑ ነገራቸው (ሐዋ. 1፥6-8)።