«በ320 ይሁንልኝ»፦ ስለ ድምፅ ጥራት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ስቀዳ፣ ሚክስ ሳደርግና የቆዩ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ብዙ ዓመታት አሳልፌአለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት «እባክህ በ320 ይሁንልኝ» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት ዓረፍተ ነገር የለም። ኤምፒስሪ የሚባለው ታምቆ የሚያንስ የሙዚቃ ፋይል በሰከንድ 320 ኪሎቢት ይያዝልኝ ማለታቸው ነው። ልመናው በራሱ ክፋት የለውም። የሚያናድደኝ አብሮት የሚመጣው ፋይል ነው።

«ወደ 320 ከተለወጠ ጥራቱ ይጨምራል»። ለሠርግ ሙዚቃ የሚያጫውት አንድ ወጣት አርባ ያህል ዘፈኖች በፍላሽ ይዞ መጣ። ሁሉም ኤምፒስሪ፣ ሁሉም 320 ኪሎቢት በሰከንድ ነበሩ። «ጋሼ፣ አዳራሽ ውስጥ ሲከፈት ይታፈናል፤ ስፒከሩ ነው ወይስ ሚክሰሩ?» አለኝ። አንዱን ዘፈን በስፔክትሮግራም ከፈትሁለት፤ ይህ የድምፁን ይዘት ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ከታች ወደ ላይ በቀለም የሚያሳይ ሥዕል ነው። ቀለሙ እስከ 16 ኪሎኸርዝ (ኪሎኸርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ድረስ ሞልቶ ይወጣና እዚያ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጥቁር ብቻ ነው። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው «ከዩቲዩብ፣ ግን በ320 ነው ያወረድኩት» ሲል መለሰልኝ። ዩቲዩብ ደግሞ ለአድማጭ ኤምፒስሪ አይልክም፤ የሚልከው ኤኤሲ ወይም ኦፐስ የሚባሉ ሌሎች የማመቂያ ፎርማቶችን ሲሆን መጠኑም በአብዛኛው በሰከንድ በ128 እና በ160 ኪሎቢት መካከል ነው። ስለዚህ ከዚያ «በ320 ኤምፒስሪ ወረደ» የሚባል ዘፈን ሁሉ መንገድ ላይ በሌላ ፕሮግራም የተለወጠ ነው።

ይህ የኪሎቢት ቁጥር፣ ቢትሬት የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ድምፅ የተመደበ ቦታ ነው እንጂ የጥራት ማኅተም አይደለም። ሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ይህን ወደ 128 የሚያወርድ ፕሮግራም ከአሥር እጅ ዘጠኙን ጥሎ ነው የሚያወርደው፤ የፈሰሰ ውኃ ደግሞ አይታፈስም። በኋላ 320 ብላችሁ ስታዙት የጠፋውን የሚያመጣበት ምንጭ ስለሌለው ያንኑ የጎደለ ድምፅ በሰፊ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጥላችኋል። እንዲያውም ትንሽ ያበላሸዋል፤ ሁለተኛው ፕሮግራም የመጀመሪያው ያስገባውን ስሕተት እንደ ሙዚቃ ቆጥሮ የራሱን ስሕተት ይጨምርበታልና። ፎቶኮፒን ፎቶኮፒ ያደረገ ሰው ይህን ያውቃል። የአራት ደቂቃ ዘፈን በ128 ሲሆን ወደ 3.8 ሜጋባይት፣ በ320 ሲሆን 9.6 ሜጋባይት ይይዛል፤ ሁለት ሺህ ያህል ዘፈን ይችል የነበረው 8 ጊጋባይት ፍላሽ ከስምንት መቶ ብዙም አያልፍም። ወጣቱ ፍላሹ ስለሞላበት ሌላ ገዝቶ ነበር።

«ኤምፒስሪ ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ብቻ ቆርጦ ይጥላል» የሚለው ደግሞ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ይበልጥ ያስቸግራል። ጀርመን አገር ኤርላንገን በሚገኘው በፍራውንሆፈር ተቋም በዋናነት የተሠራውና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ይህ ፎርማት የተመሠረተው አንዱ ድምፅ ሌላውን በመሸፈኑ ላይ ነው። ከበሮ እየተመታ አጠገባችሁ የሚንሾካሾክ ሰው አይሰማችሁም፤ ፕሮግራሙም እንዲህ ያለውን የተሸፈነ ቦታ እየፈለገ እዚያ ላይ ሻካራ በሆነ ቁጥር ይመዘግባል። ሻካራነቱ ጩኸት (ሙዚቃው ውስጥ ያልነበረ ትርፍ ድምፅ) ይፈጥራል፤ ጩኸቱም በከበሮው ሥር እስከተሸሸገ ድረስ አይሰማም። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ተቆረጠ?» ብቻ ሳይሆን «የገባው ጩኸት በሚገባ ተሸፍኗል ወይ?» የሚል መሆን አለበት።

ሽፋኑ የሚገለጥበትን ቦታ ማወቅ ለሚፈልግ ጸናጽልን አቀርብለታለሁ። ኤምፒስሪ ሙዚቃውን የሚያስተናግደው 1,152 ናሙናዎችን (ድምፁ በየቅጽበቱ የተለካባቸውን ቁጥሮች) በያዙ፣ በሲዲ ፍጥነት 26 ሚሊሰከንድ በሚሆኑ ቁርጥራጮች ነው። ጸጥታ ባለበት ቁርጥራጭ መጨረሻ ላይ ጸናጽሉ ድንገት ሲመታ የሚፈጠረው ስሕተት ወደ ኋላ ጭምር ይሰራጭና ከምቱ በፊት «ሽ» የምትል ትንፋሽ ይፈጥራል፤ ምቱም ስለቱን ያጣል። ለዚህ ሲባል ፎርማቱ ወደ አጫጭር ቁርጥራጮች የሚቀይርበት ዘዴ አለው፤ ሆኖም በ128 ሁልጊዜ አይበቃውም። ፈረንጆቹ ይህን ድክመት የሚፈትኑት ካስታኔት በሚባለው የስፔኖች የእጅ ማንኳኪያ ነው። እኔ የመዘምራን ቅጂ ሲመጣልኝ ጭብጨባውንና ጸናጽሉን አስቀድሜ አዳምጣለሁ፤ የዘማሪው ድምፅ ደህና የሚመስልበት ቅጂ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

«128 በየትኛውም ፎርማት 128 ነው»። አይደለም። በ1997 የወጣው ኤኤሲ በዚያው ቁጥር ከኤምፒስሪ የተሻለ ይሰማል፤ በ2012 የጸደቀው ኦፐስ ደግሞ በ96 ሆኖ ከ128 ኤምፒስሪ ጋር ይወዳደራል። በአንዱ ፎርማት ውስጥ እንኳ አማቂው ፕሮግራም ይለያያል፤ ሌም በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዛሬ የሚሠራ ኤምፒስሪ እና በ1990ዎቹ በችኮላ የተሠራ ኤምፒስሪ ስማቸው ብቻ ነው አንድ።

«ደጋግሞ መገልበጥ ፋይሉን ያደክማል»። ካሴትን እንጂ ፋይልን አያደክምም፤ የሚያደክመው እየጣለ ወደሚያምቅ ፎርማት ደጋግሞ መለወጥ ነው።

«እኔ ግን ልዩነቱን ሁልጊዜ እሰማዋለሁ»። ይህን የሚሉኝ ባብዛኛው የሙያ ባልደረቦቼ ስለሆኑ ትዕግሥቴ ያንሳል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሁለቱ ቅጂዎች፣ ዋናውና የታመቀው፣ በድምፅ ከፍታ እኩል ይደረጋሉ፤ ትንሽ ጎላ ያለው ብዙውን ጊዜ «የጠራ» ይመስላልና። ከዚያ የትኛው እንደሚጫወት ሳታዩ 16 ጊዜ ትለያላችሁ። 12 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው በግምት ብቻ እዚያ የመድረሱ ዕድል ከመቶ ከአራት በታች ነው። እኔም ብዙ ከተመጻደቅሁ በኋላ ተፈትኛለሁ። ከሲዲ በ320 በተሠራ የክራር ዘፈን ላይ ከ16 ያገኘሁት 7 ነበር፤ ሳንቲም ብወረውር የተሻለ ሊመጣልኝ ይችል ነበር። በ128 በተሠራ ጸናጽል ላይ ግን 15 አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ባልደረቦቼ ሲከራከሩ መጀመሪያ የምጠይቃቸው በምን ሙዚቃ ላይ እንደሰሙት ነው።

«ፍላክ ስለሆነ በብሉቱዝም ምንም ሳይጎድል ይደርሰኛል»። ፍላክ የሚባለው ፎርማት በእርግጥ ምንም ሳይጥል ያምቃል፤ ተራ የብሉቱዝ ማዳመጫ ግን ድምፁን የሚቀበለው ኤስቢሲ በሚባለው የብሉቱዝ ፎርማት ወይም በኤኤሲ እንደገና ታምቆ ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ ብዙ ጉዳት ያደረሰ ይመስለኛል፦ «ካሴት ድሮውንም ጥራት ስለሌለው በትንሽ ኤምፒስሪ ይበቃዋል»። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የካሴት «ሽሽታ» ሥርዓት የሌለው ጩኸት ስለሆነ ለማመቅ ከሚያስቸግሩ ድምፆች አንዱ ነው፤ ፕሮግራሙ ቢቱን በሽሽታው ላይ ይጨርስና ለንግግሩ ያንሰዋል። በኋላ ሽሽታው ሲጸዳ ደግሞ በሥሩ የተሸሸገው ስሕተት ራቁቱን ይቀራል። አንድ ሰዓት ካሴት ምንም ሳይጣልበት በሲዲ ልክ ዌቭ በሚባለው ያልታመቀ ፎርማት ቢቀመጥ 635 ሜጋባይት ያህል ነው፤ በፍላክ ከዚያም ያንሳል። እንዲህ ያለው ዋና ቅጂ ከተቀመጠ በኋላ ለስልክ የሚሆን ኤምፒስሪ በፈለጉት ጊዜ ከእርሱ ይወጣል።

አንዲት እናት ወንድማቸው ከሱዳን በካሴት የላከውን የድምፅ ደብዳቤ እንዳጸዳላቸው ፋይሉን በፍላሽ አመጡልኝ። ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ሱቅ በ64 ነበር የገለበጠው። ሽሽታውን ስቀንስ የወንድማቸው ድምፅ ከውኃ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ይንቦጫረቃል፤ ስሞቹን ለመለየት እንኳ ሦስት ጊዜ መስማት ነበረብኝ። «ካሴቱን ያምጡልኝና ከመጀመሪያው እንደገና እንገልብጠው» አልኋቸው። «ውይ ልጄ፣ ኮምፒውተር ከገባ ምን ያደርጋል ብለው ልጆቹ ጣሉት» አሉኝ።