የምዕራብ አፍሪካ ሙዚቃ ለእሑድ ከሰዓት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እሑድ ከሰዓት የትም መሄድ ሳያሰኘኝ ሲቀር የምከፍተው ሙዚቃ ከማሊ፣ ከሴኔጋል ወይም ከኬፕ ቨርዴ ነው። እንግዳ ካለ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ «ይሄ ደግሞ የየት አገር ነው?» ማለቱ አይቀርም። መልሱን ስነግረው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ አስተያየቶችን እሰማለሁ። ሙዚቃውን ከልቤ ስለምወደው አንድ በአንድ ላንሳቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«የምዕራብ አፍሪካ ሙዚቃ ማለት ጭፈራ ነው»

ከሌጎስና ከአክራ የሚመጣው አፍሮቢትስ ሰርጉንም ክለቡንም ስለሞላው እንዲህ መታሰቡ አያስገርምም። እሱ ግን ከብዙው አንዱ ነው። ስሙም ያምታታል፤ መጨረሻው ላይ «ስ» የሌለው አፍሮቢት ፌላ ኩቲና ከበሮ መቺው ቶኒ አለን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ናይጄሪያ ውስጥ ያሳደጉት፣ አንድ ዘፈን የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ሊይዝ የሚችልበት ሌላ ሙዚቃ ነው።

ዕረፍት ለፈለገ ሰው ደግሞ ከሴራሊዮንና ከጋና የባሕር ዳርቻ የመጣ የጊታር ሙዚቃ አለ። ከዘንባባ የሚጠመቀው መጠጥ በሚሸጥባቸው ቤቶች ስላደገ የተጠራው በመጠጡ ስም «ፓልም ዋይን» ተብሎ ነው። የሴራሊዮኑ ኤስ. ኢ. ሮጂ በዚያ ወፍራም ድምፁ ሲያንጎራጉር የሚቸኩል ሰው እንኳ ቁጭ ይላል።

«ኮራ ለማጀቢያ የሚሆን ቀላል መሣሪያ ነው»

ይህን ስሰማ በጣም ይቆጨኛል። ኮራ በቆዳ ከተለበጠ ትልቅ የቅል ግማሽ ይሠራል፤ 21 ክሮች አሉት፤ 11 በግራ፣ 10 በቀኝ። የእኛ በገና 10 አውታር እንዳለው እያሰባችሁ መጠኑን ገምቱት። የሚመታው በአራት ጣቶች ብቻ ነው፤ በሁለቱ አውራ ጣቶችና በሁለቱ ጠቋሚ ጣቶች። የቀሩት ጣቶች መሣሪያውን ደግፈው ይይዛሉ። በእነዚህ ጣቶች ኩምቤንጎ የሚባለው ተደጋጋሚ መሠረት ሲቆም፣ በላዩ ላይ ቢሪሚንቲንጎ የሚባለው የሚንዠቀዠቅ ዜማ ይፈሳል።

የማሊው ቱማኒ ዲያባቴ በ1988 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ከኮራው በቀር ምንም አልነበረም፤ ዘፋኝም፣ አጃቢም፣ በኋላ የተደረበ ቅጂም የለበትም። ባሱ፣ መካከለኛው ምትና የሚዋኘው ዜማ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ ያልነገሩት ሰው ሁለት ወይም ሦስት ተጫዋች ነው የሚሰማው። ቱማኒ በሐምሌ 2024 በ58 ዓመቱ አረፈ። ያን አልበም አንድ ጊዜ ሳህን እያጠባችሁ ስሙት፤ በሁለተኛው ግን እጃችሁን አድርቃችሁ ተቀመጡና የግራውን አውራ ጣት ብቻ ተከታተሉ።

«አሊ ፋርካ ቱሬ ብሉዝን ከአሜሪካ የቀዳ ጊታሪስት ነው»

የማሊው አሊ ፋርካ ጊታር ማንሳት የጀመረው በ1956 ነው። የአሜሪካ ብሉዝ ጆሮው የደረሰው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ከጊታሩ በፊት ጉርኬልና ንጃርካ የሚባሉ ባህላዊ የክር መሣሪያዎች ይጫወት ነበር። ንጃርካ አንድ ክር ያለው በደጋን የሚገዘገዝ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆን የሚያውቅ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአሜሪካውን የብሉዝ ዘፋኝ ጆን ሊ ሁከርን መጀመሪያ ሲሰማ የማሊ ዜማ መስሎት ነበር። ከዚያ አካባቢ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ዜማቸውን ይዘው እንደተሻገሩ ስናስብ፣ ማን ከማን ወሰደ የሚለው ጥያቄ አቅጣጫው ይዞራል።

የሰሜን ማሊ ዜማ አብዛኛው እንደ እኛ ቅኝቶች በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው። ለዚህ ይመስለኛል እናቴ አሊ ፋርካን ስትሰማ «ይሄን የት ነው የማውቀው?» ያለችው። ከእርሱና ከቱማኒ መጀመር ለሚፈልግ፣ ሁለቱ ባማኮ ውስጥ ኒጀር ወንዝ ዳር ባለ ሆቴል ያለ ልምምድ ተቀምጠው የቀዱት የ2005 አልበም አለ። በየካቲት 2006 ግራሚ አገኙበት፤ አሊ ከወር በኋላ አረፈ።

«ዘፋኞቹ ሁሉ ግሪዮ ናቸው፤ ግሪዮ ደግሞ አዝማሪ ነው»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ነው። በማንዴ ሕዝቦች ዘንድ ጄሊ የሚባለው ግሪዮ ሙያውን የሚወርሰው በዘር ነው፤ ኩያቴ፣ ዲያባቴና ሲሶኮ የሚሉት የቤተሰብ ስሞች ራሳቸው ይመሰክራሉ። እንደ አዝማሪ ያወድሳል። ከዚያ በተጨማሪ ግን የትውልድ ሐረግ በቃሉ ይይዛል፣ ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኖ ይላካል፣ የተጣላ ያስታርቃል።

የማሊው ዘፋኝ ሳሊፍ ኬይታ ከዚህ ወገን አይደለም። ኬይታዎች በ13ኛው ክፍለ ዘመን የማሊን ግዛት ከመሠረተው ከሱንዲያታ ዘር ነን ይላሉ። መወደስ እንጂ ማወደስ የእነርሱ ወግ አልነበረም፤ በዚህ ምክንያት ዘፋኝ ልሁን ማለቱ ለቤተሰቡ ነውር ነበር። አሊ ፋርካም ግሪዮ አልነበረም፤ እርሻውን የሚያርስ ሰው ነበር፣ በመጨረሻም ኒያፉንኬ የምትባለው የማሊ ከተማ ከንቲባ ሆነ።

«ዝግ ያለ ዘፈን ቀላል ነገር ነው የሚያወራው»

ዋሱሉ የሚባለውን የደቡብ ማሊ ሙዚቃ የምትዘፍነው የኡሙ ሳንጋሬ ድምፅ ለመንደር ጥላ የተሠራ ይመስላል። ቃላቱ ግን በግድ ስለሚዳሩ ልጃገረዶችና ሚስት ላይ ሚስት ስለሚያመጣ ባል ናቸው። የመጀመሪያ አልበሟ ርዕስ «ሴቶች» ማለት ነው። ትርጉሙን ፈልጎ ማንበብ ያዋጣል።

«ኬፕ ቨርዴማ ፖርቱጋል ነው»

ከሴኔጋል ፊት ለፊት ያሉ አሥር ደሴቶች ናቸው፤ በ1975 ነፃ የወጣ የምዕራብ አፍሪካ አገር። ዋናው ዜማው ሞርና በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ የባህል ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የሚዘፈነው በፖርቱጋልኛ ሳይሆን በደሴቶቹ ክሪዮል ነው፤ ልቡም «ሶዳዴ» የሚሉት ቃል ነው፤ በመርከብ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ናፍቆት። ባሕር ማዶ የሚኖር ሐበሻ «ትዝታ» ብሎ ቢተረጉመው አይሳሳትም።

የሞርና ዘፋኟ ሴዛሪያ ኤቮራ ከልጅነቷ ጀምሮ በደሴቶቹ ከተማ በሚንዴሎ መጠጥ ቤቶች እየዘፈነች፣ ዓለም ያወቃት ሃምሳ ዓመቷ አካባቢ ነው። መድረክ ላይ በባዶ እግሯ ትወጣ ነበር። ኮንሰርቱ መካከል ወንበር ስባ ትቀመጥና ሲጋራዋን ታቀጣጥል ነበር፤ ባንዱ ብቻውን ይጫወት፣ ሕዝቡም ዝም ብሎ ይጠብቃት ነበር።