አርባ ምንጭ፦ የከተማዋ አቀማመጥ፣ ኑሮና አገልግሎት

አርባ ምንጭ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ የጋሞ ደጋ ቁልቁል ወርዶ ከስምጥ ሸለቆው ወለል ጋር በሚገናኝበት ሥፍራ የምትገኝ የጋሞ ዞን ዋና ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከብርዳማዋ ጨንቻ ወደ ቆላው እንዲወርድ በተደረገበት ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የክልሉ መቀመጫዎች በተለያዩ ከተሞች የተደለደሉ ሲሆን፣ አርባ ምንጭም ከእነዚሁ ከተሞች አንዷ ሆናለች።

ከተማዋ አንድ መሐል የላትም። ከፍ ባለው ሜዳ ላይ ሴቻ፣ ከሥሩ ደግሞ ሲቀላ ተቀምጠው በአስፋልት መንገድ ይገናኛሉ። ሴቻ በአብዛኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የመኖሪያ መንደሮች ያሉበት፣ ነፋስ የሚያገኝና የአባያንና የጫሞን ሐይቆች ቁልቁል የሚያይ ሠፈር ነው፤ ንግዱ፣ ገበያውና የመንገደኛው ግርግር ያለው ሲቀላ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ነዋሪ ለጉዳይ ሽቅብ፣ ለሸመታ ቁልቁል በባጃጅ ሲመላለስ ይውላል። ይህን የቦታ አቀማመጥ ያልተረዳ ሰው የከተማዋን አገልግሎቶች አከፋፈል ለመረዳት ይቸገራል፤ በተለይም የውኃውን ነገር።

ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁት ከሴቻ ገደል ግርጌ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ጥቅጥቅ ደን ውስጥ ነው። ከደጋው ሰርጎ የመጣው ውኃ እዚያ ከመሬት ይወጣል፤ ግዙፎቹን ዛፎችም ድርቅ በሚበረታበት ወራት ሳይቀር አለምልሞ የሚያቆያቸው ይኸው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የመጠጥ ውኃውም ከእነዚህ ምንጮች ተጠልፎ በፓምፕ ወደ ላይ ይገፋል። ምንጩ ከከተማው በታች በመሆኑ ውኃ በተፈጥሮ ቁልቁለት ሊደርስ አይችልም፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ፓምፕ ሲበላሽ ቧንቧው የሚደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ደኑ የማገዶ ምንጭም ሆኖ መቆየቱ ትልቅ ፈተና ነው። ከደኑ የለቀሙትን እንጨት በጀርባቸው አዝለው ዳገቱን እየወጡ የሚሸጡ ሴቶች በከተማዋ ለረጅም ዘመን ሲታዩ ኖረዋል። እነዚህን ሴቶች በክልከላ ብቻ ከደኑ ማራቅ አይቻልም፤ ሌላ የገቢ መንገድ ለእነርሱ፣ ሌላ የማብሰያ ኃይል ደግሞ ለገዢዎቻቸው እስካልቀረበ ድረስ ደኑም፣ ከሥሩ የሚፈልቀው ውኃም አስተማማኝ ጥበቃ አላቸው ማለት ያስቸግራል።

የአካባቢው ገበሬ ዋነኛ የገበያ ምርት ሙዝ ነው። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባሉት እንደ ጫኖና ላንቴ ባሉ ቀበሌዎች ከደጋው የሚወርዱትን ወንዞች በመስኖ በመጥለፍ ይመረታል። በጭነት ቀን ገና አረንጓዴ የሆነው ሙዝ ከነዘለላው ከማሳው በሰው ትከሻ ወጥቶ መንገድ ዳር ይከመራል፤ እንዳይላላጥና እንዳይሞቅ በራሱ ቅጠል ይነጠፍለትና ይሸፈንለታል፤ ከዚያም በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል። የሚበስለው እዚያው ከደረሰ በኋላ ስለሆነ፣ መንገዱ ቢዘጋ ወይም መኪናው ቢዘገይ ኪሳራው በገበሬውና በነጋዴው ላይ ይወድቃል። ማንጎም በብዛት ይገኛል። ከደጋው ደግሞ ቆጮ፣ ድንችና የዶርዜ ሽመና ውጤቶች ወደ ሲቀላ ገበያ ይወርዳሉ።

የከተማዋ ምግብ ቤቶች የሚታወቁት ከጫሞ ሐይቅ በሚወጣው ዓሣ ነው። ነጭ ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ የተባሉት የዓሣ ዓይነቶች በጉላሽ፣ በጥብስና በዱለት መልክ ተሠርተው ከዳጣ ጋር ይቀርባሉ። ይሁን እንጂ በሕገ ወጥ መረብ የሚደረገው ዓሣ ማስገር የነጭ ዓሣን መጠን አሳንሶታል። አባያ ከጣና ቀጥሎ የአገሪቱ ሁለተኛ ትልቅ ሐይቅ ሲሆን፣ ወንዞች በሚያመጡት ደለል የተነሣ ቀላ ያለ መልክ አለው። በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለችው ጠባብ መሬት የእግዜር ድልድይ ትባላለች፤ ሐይቆቹን የሚያየው ጎብኚም በብዛት የሚያርፈው በሴቻ ገደል አፋፍ በተሠሩት ሆቴሎችና ሎጆች ነው።

በትምህርት ረገድ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ሥራ የጀመረው ተቋም በ1996 ዓ.ም. የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በተለያዩ ካምፓሶች የሚማሩት ተማሪዎች የቤት ኪራዩን፣ የምግብ ቤቱንና የባጃጁን ገበያ እጅግ አሳድገውታል፤ ክረምት ላይ ሲበተኑ ንግዱ መቀዛቀዙ በግልጽ ይታያል። በጤናው በኩል ከተማዋ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያዎችና በርካታ የግል ክሊኒኮች አሏት። ከዝናቡ ወራት በኋላ የሚነሣው ወባ አሁንም ዋነኛ ሥጋት ስለሆነ፣ ከሌላ አካባቢ የሚመጣ ሰው አጎበር የተዘረጋለት አልጋ ቢጠይቅ አይቆጨውም።

ጋሞኛ የአካባቢው ቋንቋ ሲሆን በገበያና በቢሮ አማርኛ በሰፊው ይነገራል፤ ዘይሴ፣ ጎፋ፣ ወላይታና ኮንሶን ጨምሮ ከብዙ ብሔረሰቦች የመጡ ሰዎችም ይኖራሉ። ይህን አብሮነት በማስጠበቅ በኩል የአገር ሽማግሌዎች ድርሻ ከፍ ያለ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አቅራቢያ በምትገኘው ቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል በተነሡ ጊዜ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው በመንበርከክ ወደ ንብረትና ወደ ሰው እንዳይሄዱ አስቁመዋቸዋል። ወጣቶቹ የተመለሱት በጋሞ ባሕል እርጥብ ሣር የያዘን ሽማግሌ መተላለፍ ነውር በመሆኑ ነው። በዞኑ ገጠሮች ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሥፍራ የሚካሄደው ዳኝነትም እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የመሬትና የቤተሰብ ጠብ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት እዚያ ታይቶ በዕርቅ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።