ካፓሲተር ከመቀየርዎ በፊት፦ ስለ አማተር ሬዲዮ እምምታ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በአማተር ሬዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ በሚደረግ የሬዲዮ ግንኙነት) የሚያዳምጠው ጣቢያ «ንግግርህ ይሰማል፣ ግን ከሥሩ እምም ይላል» ሲል ምክር የሚሰጥ አይጠፋም። አብዛኛው ምክር ግን ገንዘብ ያስወጣል እንጂ እምምታውን (ከንግግሩ ሥር የሚሰማውን የመብራት ጉምጉምታ) አያጠፋም።

«እምም ካለ የፊልተር ካፓሲተሩ ሞቷል»

የፊልተር ካፓሲተር የፓወር ሰፕላዩን ቮልቴጅ የሚያለሰልሰው ክፍል ነው። ሞቶ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ የሚለየው የእምምታው ድግግሞሽ ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። ባለ አራት ዳዮድ ብሪጅ (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይረው ሬክቲፋየር) ግን ሁለቱንም ግማሽ ሞገድ ስለሚጠቀም ከፓወር ሰፕላይ የሚወጣው ሪፕል (በዲሲው ላይ የሚቀረው የቮልቴጅ መዋዠቅ) 100 ኸርዝ ይሆናል። በሽቦ ወይም በትራንስፎርመር መስክ የሚገባው ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ከብሪጁ አንዱ ዳዮድ ከተቃጠለም 50 ይሰማል፤ ይህ ብዙዎችን ያሳስታል።

በኤስኤስቢ (ብዙ አማተሮች ለንግግር በሚጠቀሙበት የስርጭት ዓይነት) ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። የሬዲዮው ፊልተር ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ስለሚቆርጥ አድማጩ የሚሰማው የ50 ወይም የ100 ኸርዝ ብዜቶቹን ነው። እንግዲያው ድምፁን በሌላ ሬዲዮ ተቀብለው ይቅዱና ስልክ ላይ ባለ የስፔክትረም አፕ ይመልከቱት። 300፣ 400፣ 500 ላይ ብቻ ጫፍ ካለ ጥፋቱ ሬክቲፋየር አካባቢ ነው። 350 እና 450 ላይም ካለ የማይክ ገመድ፣ የኤርዝ ዙር (መሣሪያዎች ከአንድ በላይ በሆነ መንገድ በኤርዝ ሲገናኙ የሚፈጠር ቀለበት) ወይም የሞተ ዳዮድ ይፈለጋል። የሞርስ ተጠቃሚ አፕ አያስፈልገውም፤ አድማጩ ስለ ሲግናሉ በሦስት ቁጥር በሚሰጠው የአርኤስቲ ሪፖርት ሦስተኛው፣ የድምፅ ጥራት ቁጥር 9 ከሆነ ድምፁ ንጹሕ ነው፣ እየወረደ ከሄደ ሪፕል አለ።

ካፓሲተሩን ለመፈተን መልቲሜትሩን ኤሲ ላይ አድርገው ኤሌክትሮላይቲክ ያልሆነ 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ ያስገቡና በ13.8 ቮልቱ መውጫ ላይ ይለኩ፤ ሬዲዮው ደሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚውጥ ሬዚስተር) ላይ እያሰራጨ መሆን አለበት። ጭነት በሌለበት የተለካ ቁጥር ምንም አይናገርም። ከ10 ሚሊቮልት በታች ደህና ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ከሆነ ችግር አለ።

የድሬዳዋ ሙቀት እዚህ ላይ ይገባል። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ሲገዙ 85 ዲግሪ የተጻፈበትን ትተው 105 የሚለውን ይምረጡ፤ ከትራንስፎርመሩና ከሂትሲንኩም ራቅ አድርገው ይትከሉት።

«ቀን ደህና ነው፣ ማታ ብቻ እምም ይላል፤ መብራቱ ቆሻሻ ነው»

መብራቱ ቆሻሻ ሳይሆን ወርዶ ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ቬንቲሌተር ሲከፍት ቮልቴጁ ይቀንሳል። ሒሳቡ ይኸው፦ 18 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር የሞገዱ ጫፍ 25.4 ቮልት ይሆናል፤ ዳዮዶቹ 2 ቮልት ሲወስዱ 23.4 ይቀራል። 20 አምፔር ሲሳብና ካፓሲተሩ 50,000 ማይክሮፋራድ ሲሆን ሪፕሉ እስከ 4 ቮልት ይደርሳል፤ ዝቅተኛው ነጥብ 19.4 ነው ማለት ነው። ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን አንድ ላይ የሚያቆየው ክፍል) 13.8 ለመስጠት 3 ቮልት ትርፍ ከፈለገ 16.8 ይበቃዋል፤ እስካሁን ሰላም ነው። ሶኬቱ ላይ 220ው ወደ 185 ሲወርድ ግን ያው ዝቅተኛ ነጥብ 15.4 ይሆናል። ይህ ከ16.8 በታች ስለሆነ ሬጉሌተሩ በሰከንድ 100 ጊዜ መቆጣጠሩን ይለቃል፤ እምምታውም ሲያሰራጩ ብቻ ይሰማል።

ካፓሲተሩን 100,000 ቢያደርጉት ሪፕሉ ወደ 2 ቮልት ወርዶ ዝቅተኛው ነጥብ 17.4 ይሆናል፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ መጨመር ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ሲበራ የሚጎርፈው ጅረት ፊውዝና ዳዮድ ይበላል። 47 ኦም ጠንካራ ሬዚስተር በትራንስፎርመሩ መግቢያ አስገብቶ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ጅረቱ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ) በኩል ሬዚስተሩን እንዲያልፈው ማድረግ የተሻለ ነው። ወጪ የሌለው መፍትሔ ደግሞ ማታ የሚያሰራጩበትን ኃይል ወደ 50 ዋት ማውረድ ነው።

«የስፒናውን ኤርዝ ቁረጠው፣ ይጠፋል»

አዎ፣ ሊጠፋ ይችላል፤ ሰውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ኤርዙ ትራንስፎርመሩ ሲበሳ የብረት ሳጥኑ ላይ 220 ቮልት እንዳይቆም የሚጠብቅ ነው። ኮምፒውተርና ሬዲዮ በድምፅ ገመድም በኤርዝም ሲገናኙ ዙር ይፈጠራል፤ ጥፋቱ እሱ ነው። መጀመሪያ የኮምፒውተሩን የድምፅ ገመድ ይንቀሉ። እምምታው ከጠፋ በዚያ መስመር ላይ አንድ ለአንድ የሆነ 600 ኦም የድምፅ ትራንስፎርመር ያስገቡ፣ ሁለቱንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ያብሩ።

«ሌላ የመሬት ዘንግ ምታ፣ ጨውና ከሰል ጨምርበት» የሚለውም አለ። በደረቅ አሸዋ ላይ ጨውና ከሰል የመሬቱን መቋቋም ይቀንሳል፣ ለመብረቅም ይጠቅማል። ለእምምታ ግን አይረዳም። ከቤቱ ኤርዝ ጋር ያልታሰረ ሁለተኛ ዘንግ እንዲያውም አዲስ ዙር ይፈጥራል።

«የማይኩ ገመድ ሺልድ ስላለው አይገባበትም»

የመዳብ ሺልድ (ገመዱን የሚሸፍን የሽቦ መረብ) የኤሌክትሪክ መስክን ይከላከላል፤ ከትራንስፎርመር የሚወጣውን 50 ኸርዝ ማግኔታዊ መስክ ግን አያግደውም። ማይኩን ከፓወር ሰፕላዩ አንድ ሜትር ያርቁ፣ ከዚያ 90 ዲግሪ ያዙሩት። ድምፁ ከተለወጠ ጥፋተኛው ተገኘ።

«ደሚ ሎድ ላይ ንጹሕ ከሆነ መሣሪያው ጤነኛ ነው»

አንቴና ላይ ብቻ የሚሰማ እምምታ አለ፤ በተለይ ገመዱ ጫፉ ላይ በሚገናኝበት የሽቦ አንቴና። ሬዲዮ ሞገዱ በኮአክሱ (ከሬዲዮው ወደ አንቴናው በሚሄደው ገመድ) ውጫዊ ክፍል ተመልሶ በመብራት ገመዱ ይወጣል፤ ዳዮዶቹ በሰከንድ 100 ጊዜ ሲበሩና ሲጠፉም እምምታው ይጫንበታል። በእያንዳንዱ የሬክቲፋየር ዳዮድ ላይ 10 ናኖፋራድ፣ 1,000 ቮልት ሴራሚክ ካፓሲተር ይግጠሙ፤ የመብራት ገመዱንም በትልቅ ፌራይት ቀለበት ላይ ስድስት ሰባት ጊዜ ይጠምጥሙ። በ220ው መስመር ላይ ካፓሲተር ማድረግ ከፈለጉ ግን ኤክስ (X) ወይም ዋይ (Y) የሚል የደኅንነት ደረጃ የተጻፈበት ብቻ ይሁን፤ ተራው ሾርት ሲያደርግ እሳት ያስነሳል።