ቪከርስ፦ መድፍ ሠሪው ወደ ሰማይ ሲወጣ

ቪከርስ የእንግሊዝ ኩባንያ ነበር። መድፍ፣ መትረየስ፣ የጦር መርከብ፣ ሁሉንም ይሠራ ነበር። ሥራውን የጀመረው ግን በ1828 ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ብረት በማቅለጥ ነው (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንድ ሰሞን ስሙ ይነሳ የነበረው በቤተ ክርስቲያን ደወል ነበር፤ ከነሐስ ይልቅ በብረት ስለሚሠራው ዋጋው ቀለል ይል ነበር። ከደወል ወደ መድፍ የተሻገረው ግን ቆይቶ፣ በ1890 ገደማ ነው።

በ1897 ሁለት ትልልቅ ነገሮችን ገዛ። አንዱ ባሮው የሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ላይ ያለው የመርከብ ፋብሪካ ነው። ሌላው የሂራም ማክሲም የጦር መሣሪያ ኩባንያ ነው። ማክሲም በራሱ ኃይል እየጎረሰ የሚተኩሰውን መትረየስ የፈጠረ ሰው ነው።

ሰውየው የመብረር አባዜም ነበረበት። በ1894 ኬንት ውስጥ በእንፋሎት የሚሠራ ግዙፍ የበረራ ማሽን ሠርቶ ሐዲድ ላይ አቆመ። ክብደቱ ሦስት ቶን ተኩል ገደማ ነበር። ማሽኑ ከሐዲዱ ብዙ ከፍ እንዳይል ከላይ ሌላ መያዣ ሐዲድ ተሠርቶለታል። ሐምሌ 31 ቀን ሦስት ሰው ጭኖ ሲንደረደር ግን ሽቅብ የገፋው ኃይል መያዣውን ሰበረው። ማክሲም ወዲያው እንፋሎቱን ዘጋ። ነገሩ በረራ ይባል አይባል እስካሁን ያከራክራል። ለእኔ ዝላይ ነው።

ቪከርስ ራሱ ወደ አየር ሥራ የገባው ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ ነው። ታሪኩን ሳየው፣ ኩባንያው አዲሱን ነገር ሁሉ የሚያየው በለመደው ሥራ ዓይን ነበር። መጀመሪያ የሠራው የአየር መርከብ ነው፣ በጋዝ ተሞልቶ የሚንሳፈፍ ግዙፍ ነገር፤ የሠራውም እንደ መርከብ ነው።

በ1909 የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የጀርመኑን ዜፕሊን የሚገዳደር የአየር መርከብ አዘዘ። ግንባታው ባሮው ላይ፣ ውኃ ላይ በቆመ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ተካሄደ። ርዝመቱ 156 ሜትር ነበር። አጽሙ የተሠራው ዱራሉሚን በተባለ ቀላልና ጠንካራ የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሰው የሚቀመጥባቸው ክፍሎች ውኃ ላይ እንዲንሳፈፉ ተደርገው፣ ከማሆጋኒ እንጨት እንደ ጀልባ ተሠሩ። ሰው «ሜይፍላይ» አለው። በእንግሊዝኛ ቃሉ ዕድሜዋ አንድ ቀን የሆነች የውኃ ዳር ነፍሳት ናት፤ ለያይተህ ስታነበው ደግሞ «ይበር ይሆናል» ይላል።

አልበረረም። በ1911 ሲሞከር ከበደ። ለማቅለል ተብሎ ከሆዱ ሥር ያለው ደጋፊ አውታር ተነሳ። መስከረም 24 ቀን ከመጋዘኑ ሲጎተት የጎን ንፋስ አገኘውና ከወገቡ ተቆረጠ። የሞተ ሰው የለም፤ ስሙ ግን ለተሳላቂ ተመቸ።

በዚያው ዓመት ኩባንያው የአውሮፕላን ክፍል ከፍቶ ነበር። ንድፍ ከባዶ አልጀመረም። የፈረንሳዩን የሮበርት ኤስኖ ፔልትሪን ባለ አንድ ክንፍ አውሮፕላን የመሥራት ፈቃድ ገዛ። የአውሮፕላኑ አጽም የብረት ቱቦ ስለነበረ ለብረት ሠሪ እንግዳ አይደለም።

ከእነዚህ አንዱ የገጠመው ዕጣ ለብቻው ይወራለታል። ዳግላስ ማውሰን የተባለ የጂኦሎጂ ሰው ወደ አንታርክቲካ ሊወስደው ገዛው። መንገድ ላይ አደላይድ፣ አውስትራሊያ ውስጥ ሲሞከር ወድቆ ተሰበረ፤ ውስጡ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ተረፉ። ማውሰን ግን አልጣለውም። ክንፉን አስቀርቶ፣ ከሥሩ የበረዶ መንሸራተቻ አድርጎ ዕቃ የሚጎትት «ትራክተር» አደረገው። በ1912 መጨረሻ ጉዞ ሲጀመር ብዙም ሳይርቅ ሞተሩ በብርዱ ተሰብሮ ቆመ። ከተረፈው ብረት ጥቂቱ በ2010 መጀመሪያ እዚያው አንታርክቲካ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ተገኝቷል። አንታርክቲካ የገባ የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህ ነው፤ እዚያ አንድም ቀን ሳይበር።

በ1912 ቪከርስ ብሩክላንድስ በተባለው የመኪና ውድድር ሜዳ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1940 የእንግሊዝን ሰማይ የተከላከሉትን ተዋጊ አውሮፕላኖች የመራው ሂው ዳውዲንግ የተማረው እዚህ ነው።

እውነተኛው የመሣሪያ ሠሪ ሐሳብ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1912 መጨረሻ ባሕር ኃይሉ መትረየስ የሚሸከም አውሮፕላን አዘዘ። ቪከርስ ችግሩን የፈታው እንደ መድፍ ሠሪ ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን አስቀመጠ፤ ከዚያ አውሮፕላኑን በዙሪያው ገነባ። ፕሮፔለሩ ፊት ከሆነ ጥይቱ ራሱን ፕሮፔለሩን ይመታዋል። ስለዚህ ሞተሩ ወደ ኋላ ሄደ፤ ተኳሹ አፍንጫው ላይ ተቀመጠ። በየካቲት 1913 ለንደን ኤግዚቢሽን ላይ ሲቀርብ ስሙ «ዲስትሮየር» ነበር፤ የጦር መርከብ ስም! በመጀመሪያ በረራው ተሰበረ።

ተሻሽሎ፣ ተሻሽሎ ኤፍ ቢ 5 ሆነ። ወታደሮቹ «ጋንባስ» አሉት፤ የመሣሪያ አውቶቡስ እንደማለት። ፍጥነቱ በሰዓት 113 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በሐምሌ 1915 ፈረንሳይ የደረሰው 11ኛው ስኳድሮን (የአውሮፕላን ጦር ክፍል) በሙሉ ይህንን ይዞ ነው የሄደው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። አውሮፕላኑ የተሠራው የቪከርስን መትረየስ እንዲሸከም ነው። መትረየሱ የሚጎርሰው ከረጅም የጥይት ዝናር ነው፤ ጠባብ አፍንጫ ውስጥ፣ ንፋስ እየመታህ፣ ዝናሩን መቆጣጠር መከራ ነው። ስለዚህ ክብ ካዝና ያለው ሉዊስ የተባለ መትረየስ ተተካ። ሉዊስን የሚሠራው ሌላ ኩባንያ ነው። በፕሮፔለር መሀል መተኮስ የሚያስችለው ዘዴ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። የቪከርስ መትረየስ ሶፕዊዝ ካሜልን በመሳሰሉ የሌሎች አውሮፕላኖች ላይ ጥንድ ጥንድ እየሆነ ተገጠመ።

ኩባንያውን በአውሮፕላን ሠሪነቱ ዓለም ያወቀው በቪሚ ነው። ሬክስ ፒርሰን የነደፈው፣ በኅዳር 1917 የበረረ ባለ ሁለት ሞተር ቦምብ ጣይ ነው። ለጦርነቱ አልደረሰም ማለት ይቻላል። በሰኔ 1919 ጆን አልኮክና አርተር ብራውን ቦምብ የሚጫንበትን ቦታ በነዳጅ ሞልተው ዛሬ የካናዳ አካል ከሆነችው ከኒውፋውንድላንድ ተነሱ። 16 ሰዓት ገደማ አትላንቲክን ያለ ዕረፍት አቋርጠው አየርላንድ ደረሱ። ከላይ ሲያዩት ማረፊያው አረንጓዴ መስክ መሰላቸው። ረግረግ ነበር። ቪሚ አፍንጫዋን ጭቃው ውስጥ ተክላ፣ ጅራቷን ሽቅብ አንስታ ቆመች።