ዊትዎርዝ ምንድን ነው? የድሮ ሞተር ሳይክል ብሎን ለምን አልገጥምም ይላል

በፈረንጆች 1950ዎቹ የተሠራ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ፊት ቁጭ ብላችኋል እንበል። ትራያምፍ፣ ቢኤስኤ ወይም ኖርተን ይሁን። አንዱን ብሎን ለመፍታት 13 ቁጥር መፍቻ ታነሳላችሁ። አይገባም። 14ን ትሞክራላችሁ። ይገባል፣ ግን ይወዛወዛል። ትንሽ ጫን ስትሉት የብሎኑ ጠርዝ ይበላል። ያ ብሎን መጀመሪያውኑ በሚሊሜትር አልተሠራም። ልኩ ዊትዎርዝ ይባላል።

ዊትዎርዝ የብሎንና የዳዶ ጥርስ የሚወጣበት መለኪያ ነው። ስሙን ያገኘው ከእንግሊዛዊው መሐንዲስ ከጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። ከእሱ በፊት ወርክሾፖች ጥርስ የሚያወጡት በየራሳቸው ልክ ነበር። የአንዱ ቤት ብሎን የሌላውን ቤት ዳዶ አይገባም። ዊትዎርዝ ከብዙ ወርክሾፖች ብሎን ሰብስቦ ለካ፣ መሀለኛውንም ያዘ። ሐሳቡንም በ1841 ለንደን ለሚገኘው የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም አቀረበ።

የወሰነው ነገር ቀላል ነው፣ ውጤቱ ግን ትልቅ። የጥርሱ አንግል 55 ዲግሪ ይሁን አለ። ለእያንዳንዱ የብሎን ውፍረት ደግሞ በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ስንት ጥርስ እንደሚኖር ቆረጠ። ሩብ ኢንች ለሚወፍር ብሎን 20፣ ግማሽ ኢንች ለሚወፍር 12። የጥርሱ ጫፍም ስሩም ክብ እንዲሆን አደረገ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክብነት ነው። ብረት መሰንጠቅ የሚጀምረው ሹል ጥግ ካለበት ነው፤ ክብ ስር ጭነቱን ያሰራጫል። ሞተር ሳይክል ደግሞ ሲንቀጠቀጥ የሚውል ነገር ነው።

ወደ መፍቻው እንመለስ። በዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር የአፉን ስፋት አይነግራችሁም። የሚነግራችሁ የብሎኑን ውፍረት ነው። 1/4 የተጻፈበት መፍቻ አፉ 13.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ለዚህ ነው 13 የጠበበው፣ 14 የተወዛወዘው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አፉን በካሊፐር፣ ማለትም ስፋትና ውፍረት በሚለካበት መሣሪያ፣ ይለካና «ይህ እንዴት ሩብ ኢንች ይባላል?» ብሎ ግራ ይጋባል። አንድ የዊትዎርዝ መፍቻ ስብስብ መግዛት ለድሮ የእንግሊዝ ሞተር የሚደረግ የመጀመሪያው ውለታ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ወደሚያስቸግረው። በአንድ ሞተር ላይ ሦስት ዓይነት ጥርስ ልታገኙ ትችላላችሁ። ሻካራው፣ ማለትም ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለው ዊትዎርዝ፣ በአብዛኛው አሉሚኒየም ውስጥ ይገባል፤ አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ጥልቅ ጥርስ ካልያዘው ይላጣል። ብረት ከብረት ሲታሰር በ1908 የወጣው ደቃቁ የእንግሊዝ ጥርስ ይመጣል። አንግሉ ያው 55 ነው። ሦስተኛው ከብስክሌት የመጣ ጥርስ ነው፤ አንግሉ 60 ዲግሪ፣ ብዙውን ጊዜ በኢንች 26 ጥርስ። ወደ 1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ዩኒፋይድ ወደሚባለው ባለ 60 ዲግሪ ልክ መዞር ጀመሩ። ዩኒፋይድ ሻካራው ከግማሽ ኢንች በቀር በተለመዱት መጠኖች የጥርሱ ቁጥር ከዊትዎርዝ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ እርስ በርስ ይገባሉ። ሲገቡ ግን አንግላቸው ስለማይገናኝ ጥርሱ ሙሉ ፊቱን አያሳርፍም።

ከዚህ የባሰው ወጥመድ የሚሊሜትር ብሎን ነው። ባለ 6 ሚሊሜትሩ የጥርስ ርቀቱ 1 ሚሊሜትር ነው። ሩብ ኢንቹ ባለ 26 ጥርስ ደግሞ 0.98 ገደማ። ርቀታቸው ስለሚቀራረብ ብሎኑ ያለ ችግር ይገባል፣ «ገጠመ!» ትላላችሁ። ግን ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊሜትር ነው። ብሎኑ ቀጭን ስለሆነ የቀዳዳውን ጥርስ ላይ ላዩን ብቻ ይዟል። ጠበቅ ስታደርጉት ይልጠዋል። ባለ 8ቱ ሌላ ጉድ ነው። 5/16 ኢንች የዊትዎርዝ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ይነክሳል። እዚያ ላይ መፍቻ አንስቶ መግፋት የሞተሩን ቤት ማበላሸት ነው። ብሎን ይተካል፣ የ70 ዓመት ሞተር ቤት ግን እንደ ልብ አይገኝም። በጣት ያልገባን ብሎን በመፍቻ አታስገቡ።

ታዲያ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? መጀመሪያ ብሎኑን በሽቦ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጽዱት። የቆየ ቅባትና ዝገት ልኩን ያዛባል። ከዚያ ውፍረቱን በካሊፐር ለኩ። ቀጥሎ የጥርስ መለኪያ ቅጠሎችን፣ ማለትም ጠርዛቸው በየልኩ ጥርስ የወጣላቸውን ስስ ብረቶች፣ አንድ በአንድ ጥርሱ ላይ አስቀምጡና ወደ ብርሃን አንሱት። በቅጠሉና በብሎኑ መካከል ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ያ አይደለም። አንዱ ላይ ስትደርሱ ብርሃኑ ድርግም ይላል። ያ ነው። ጥርሱ በጣም ካለቀ ብዙ ያልተሠራበትን ወደ ብሎኑ ራስ የቀረበውን ክፍል ለኩ።

ቤታችሁ ቶርኖ ካለ የጎደለውን ብሎን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መቁረጫውን በ55 ዲግሪ ትስሉታላችሁ። ቶርኖው የሚሊሜትር ከሆነ ግን ማርሹን መቀየር ግድ ነው። ባለ 127 ጥርስ ማርሽ የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው፣ 127 ለ5 ሲካፈልም 25.4 ይመጣል። በዚህ ማርሽ የሚወጣው የኢንች ጥርስ ልክክ ያለ ነው። ለሩብ ኢንቹ ባለ 20 ጥርስ ጥልቀቱ 0.81 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ ጊዜ አትቁረጡት፤ እየቀነሳችሁ ደጋግማችሁ ሂዱበት። የመጨረሻዎቹን ዙሮች ስስ ስስ አድርጉ፣ ዘይት አትርሱ።

ተራ መቁረጫ የጥርሱን ጫፍ ክብ አያደርግም። ስለዚህ ወደ ልኩ ሲቃረብ የዊትዎርዝ ጥርስ ማውጫ ቀለበት በእጅ አዙሩበት። ከዚያ ዋናውን የድሮ ዳዶ ሞክሩ። በሁለት ጣት እየዞረ እስከ ታች ከወረደና ወደ ጎን ስትነቀንቁት ካልተንኳኳ ደርሷል።