የውጤት ፋይል ስምን ከግብዓት ፋይል ስም ማውጣት

አንድ ፋይል አንብቦ ሌላ ፋይል የሚጽፍ ኮድ ብዙ ጊዜ የአዲሱን ስም ከተነበበው ፋይል ስም ያወጣል። «ደመወዝ.ሲኤስቪ» ሲገባ «ደመወዝ_የተጣራ.ሲኤስቪ» ይወጣል። ለዚህም ሙሉው አድራሻ በሦስት ይከፈላል፦ ፎልደሩ፣ የስሙ ግንድና ከመጨረሻው ነጥብ ጀምሮ ያለው ቅጥያ። ግንዱ ላይ ምልክት ይታከላል፣ ቅጥያው ይመለሳል ወይም ይቀየራል፣ በመጨረሻም ከውጤት ፎልደሩ ጋር ይያያዛል።

ክፉው ስህተት ክፍሎቹን ሳይለዩ በጽሑፍ መተካት ነው። ኮዱ «.ቲኤክስቲ» (.txt) የሚለውን በ«.ሲኤስቪ» (.csv) ተካ ተብሎ ሳለ የመጣው ፋይል ቅጥያ በትልልቅ የላቲን ፊደላት ከተጻፈ የሚተካ ነገር አያገኝም። የስህተት መልእክትም አይሰጥም፤ ስሙን እንዳለ ይመልሰዋል። የውጤቱ ስም ከግብዓቱ ጋር አንድ ሆነ ማለት ነው። ፋይል ለመጻፍ ሲከፈት ደግሞ መጀመሪያ ባዶ ይደረጋል፤ ዋናው መረጃ ይጠፋል። ስለዚህ ሁለቱ አድራሻዎች አንድ አለመሆናቸው ከመክፈት በፊት ይረጋገጥ።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ከ3.4 ጀምሮ ያለው ፓዝሊብ የተባለ የፋይል አድራሻ መሣሪያ ክፍሎቹን ይለያል፤ ግንዱን ብቻ የሚቀይረው ትእዛዝ በ3.9 ታክሏል። ሆኖም ፓዝሊብ ቅጥያ የሚለው ከመጨረሻው ነጥብ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነው። «ሪፖርት.2015» እና «ሪፖርት.2016» የተባሉ ቅጥያ የሌላቸው ፋይሎች ቅጥያቸው ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር ቢባል ሁለቱም «ሪፖርት.ፒዲኤፍ» ይሆናሉ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠፋዋል። «ፎቶ.ጄፔግ» እና «ፎቶ.ፒኤንጂ» ወደ አንድ ዓይነት ምስል ሲለወጡም እንዲሁ ነው። መፍትሔው የድሮውን ቅጥያ በግንዱ ውስጥ ማቆየት ወይም የወጡትን ስሞች መዝግቦ ድግግሞሽ ሲገኝ ማቆም ነው።

የአማርኛ ስሞች የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ሠራተኞች» እና «ሰራተኞች» ለአንባቢ አንድ ቃል፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ፋይል ናቸው። ስሙን በእጅ እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ከመጣው ግንድ መውሰድ የሚሻለው ለዚህ ነው። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ ደግሞ ሁለት ግብዓቶችን በአንድ ስም ሊያወጣ ይችላል። ርዝመትም አለ፦ በሊኑክስ የተለመደው ኤክስት4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ለአንድ የፋይል ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል ኮድ 3 ባይት ስለሚይዝ ከ85 ፊደል በላይ አይገባም። እንደ «.csv» ያለ አራት ባይት የላቲን ቅጥያ ካለ 83 ይቀራል። የዊንዶውስ የፋይል ሥርዓት ኤንቲኤፍኤስ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጥር እዚያ የሠራ ረጅም ስም በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ይወድቃል።

ቀንና ሰዓት ለሚታከልበት ስም ዊንዶውስ የላቲኑን ሁለት ነጥብ አይቀበልም፤ ሰረዝ ይበቃል። ዓመቱ ቀድሞ፣ ወርና ቀን በሁለት በሁለት አሃዝ ከተጻፉ ፋይሎቹ በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

ውጤቱ ከግብዓቱ ጋር አንድ ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ ኮዱ በድጋሚ ሲሮጥ የራሱን ውጤት እንደ ግብዓት ያነሳል፤ «ደመወዝ_የተጣራ_የተጣራ» የሚለው ስም የሚመጣው ከዚህ ነው። የተለየ ፎልደር ይህን ይከላከላል።